የዴስክቶፕ ኮንትሮሎችን ከሚለዋወጥ ዳታ ጋር አስማምቶ ስለማቆየት፦ ዝርዝር መመሪያ

ተጠቃሚው በትእዛዝ መስኮት ላይ የአንዱን ዕቃ ብዛት ከ3 ወደ 5 ይቀይራል፤ ከታች ያለው ጠቅላላ ድምር ግን ንቅንቅ አይልም። መስኮቱን ዘግቶ እንደገና ሲከፍተው ትክክለኛው ድምር ይታያል። ስሌቱ አልተሳሳተም፣ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠውም ቁጥር ትክክል ነው፤ የዋሸው ማያ ገጹ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንሞክረው፣ ብዛቱ በሚቀየርበት ቦታ ላይ የድምሩን ጽሑፍ በእጅ የሚያድስ አንድ መስመር ኮድ መጨመር ነው። መስመሩ ለጊዜው ይሠራል። ይሁን እንጂ ድምሩን የሚቀይረው የብዛቱ ሳጥን ብቻ አይደለም፤ ቅናሽ ሲደረግ፣ ዕቃ ሲሰረዝ፣ ከሰርቨር አዲስ ዋጋ ሲመጣ ሁሉ ያንኑ መስመር መድገም ግድ ይሆናል፤ ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ሲረሳ ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ መመሪያ የምንከተለው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዳታው መቀየሩን ራሱ ያሳውቃል፣ ኮንትሮሎቹም (የጽሑፍ ሳጥን፣ አዝራርና የመሳሰሉት የመስኮቱ ክፍሎች) ያዳምጣሉ እንጂ ማንም ሰው ኮንትሮሎችን አንድ በአንድ እየዞረ አያድስም። ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ትሪግቨ ሪንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ሞዴል፣ ቪው እና ኮንትሮለር የሚባለውን ክፍፍል ሲያቀርብ ዳታውን የያዘው ክፍል ከሚያሳየው ክፍል መለየት እንዳለበት አሳይቶ ነበር። ምሳሌዎቹን የምሰጠው በሲ ሻርፕ ቋንቋና እ.ኤ.አ. በ2006 ከዶት ኔት 3.0 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ) ጋር በወጣው የመስኮት መሥሪያ፣ በዊንዶውስ ፕሬዘንቴሽን ፋውንዴሽን፣ በአጭሩ ደብሊው ፒ ኤፍ ነው። በሌሎች መሣሪያዎች የምትሠሩ አንባቢዎች ስሞቹ ቢለዩም ደረጃዎቹ በአብዛኛው እንደማይለወጡ ታያላችሁ። ማሳያችን ከላይ የጠቀስነው የትእዛዝ መስኮት ይሁን፤ ብዙ መስመሮች አሉት፣ እያንዳንዱ መስመር ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና የመስመር ድምር ይይዛል፤ ከታች ጠቅላላ ድምር እና «አስቀምጥ» የሚል አዝራር ይገኛሉ።

1ኛ ደረጃ፦ የእያንዳንዱን ዋጋ ባለቤት መወሰን

አንድም መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በመስኮቱ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ዋጋ (የገንዘብ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ቁጥር ወይም ጽሑፍ) ወረቀት ላይ ዘርዝሩና «ይህ ዋጋ በእውነት የሚኖረው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ» ከሆነ ንድፉ ገና አልተስተካከለም። የጽሑፍ ሳጥን የሚይዘው ጽሑፍ ነው፤ ብዛት ግን ቁጥር ነው፣ የሚኖረውም የትእዛዝ መስመርን በሚወክለው ክላስ (የአንድ ነገር ዳታና ሥራ በአንድነት የሚገለጽበት የኮድ ክፍል) ውስጥ መሆን አለበት። አንድ ዋጋ ሁለት ባለቤት ካለው፣ ለምሳሌ ብዛቱ በክላሱም በሳጥኑም ለየብቻ ከተቀመጠ፣ ሁለቱ አንድ ቀን መለያየታቸው አይቀርም።

2ኛ ደረጃ፦ ክላሱ ለውጡን እንዲያሳውቅ ማድረግ

ተራ ክላስ ፕሮፐርቲው (በውስጡ የያዘው ስም ያለው ዋጋ) ሲቀየር ድምፅ አያሰማም። ለውጡን እንዲያሳውቅ «አይ ኖቲፋይ ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» የተባለውን ኢንተርፌስ (ክላሱ ሊያሟላው የሚገባ ውል) እንዲተገብር ይደረጋል፤ ኢንተርፌሱ የሚጠይቀው «ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» የሚባል አንድ ኢቨንት (ሌሎች የሚያዳምጡት ማሳወቂያ) ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ፕሮፐርቲ ማስገቢያ፣ ማለትም ሴተሩ፣ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይፈጽማል። በመጀመሪያ አዲሱን ዋጋ ከነባሩ ጋር ያወዳድራል፤ እኩል ከሆኑ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል። ቀጥሎ አዲሱን ዋጋ ያስቀምጣል። በመጨረሻ የፕሮፐርቲውን ስም ይዞ ኢቨንቱን ያስነሳል።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት ዋጋ ያስከፍላል። ኢቨንቱ ከማስቀመጡ በፊት ከተነሳ፣ ኮንትሮሉ ማስታወቂያውን ሰምቶ ሲያነብ የሚያገኘው አሮጌውን ዋጋ ነው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ በአንድ እርምጃ ወደኋላ የቀረ ማያ ገጽ ይሆናል። ማወዳደሩን መዝለልም እንዲሁ አደጋ አለው፤ ሁለት ፕሮፐርቲዎች አንዱ ሌላውን የሚያስተካክሉ ከሆኑ፣ ዋጋው ባይቀየርም እየተቀባበሉ ማለቂያ ወደሌለው ዙር ሊገቡ ይችላሉ።

የፕሮፐርቲውን ስም በጥቅስ ውስጥ በእጅ አትጻፉ። አንድ ፊደል ቢሳሳት ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይናገርም፣ ፕሮግራሙም አይወድቅም፤ ዝም ብሎ አይታደስም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሲ ሻርፕ 5 ጋር የመጣው «ኮለር ሜምበር ኔም» የተባለው አትሪቢዩት የጠሪውን ፕሮፐርቲ ስም ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲሞላ ያደርጋል፤ ሲ ሻርፕ 6 ያመጣው «ኔም ኦፍ» ደግሞ የሌላ ፕሮፐርቲ ስም ለመጥቀስ ያገለግላል። በነገራችን ላይ፣ በስም ፋንታ ባዶ ጽሑፍ ወይም «ነል» ከተላከ ትርጉሙ «ሁሉም ፕሮፐርቲዎች ተቀይረዋል» የሚል ነው፤ አንድ ሙሉ መዝገብ ከሰርቨር ሲታደስ ይህ ጠቃሚ አቋራጭ ነው፣ ለዘወትር ሥራ ግን ስንፍና ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ከሌላ የሚሰሉ ዋጋዎችን ማስታወስ

የመስመር ድምር የራሱ ማስቀመጫ የለውም፤ ብዛት ሲባዛ በአንዱ ዋጋ ነው። ስለዚህ ሴተር የለውም፣ ሴተር ከሌለውም ለውጡን የሚያሳውቅለት የለም። የብዛት ሴተር የራሱን ስም ካሳወቀ በኋላ የመስመር ድምርንም ስም ማሳወቅ አለበት፤ የአንዱ ዋጋ ሴተርም እንዲሁ። በመግቢያው ላይ የጠቀስነው የማይነቃነቅ ድምር በአብዛኛው ምክንያቱ ይህ ነው። ፕሮፐርቲዎቹ ከበዙ፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት የሚያሳይ አጭር ሰንጠረዥ በክላሱ አናት ላይ በኮሜንት መልክ ማስቀመጥ ከብዙ ፍለጋ ያድናል።

4ኛ ደረጃ፦ ኮንትሮሉን ከዳታው ጋር ማሰር

ማሰሪያው ባይንዲንግ ይባላል። የመስኮቱ «ዳታ ኮንቴክስት» ላይ የትእዛዙ ኦብጀክት (ከክላሱ የተፈጠረው ትእዛዝ ራሱ) ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ኮንትሮልም ከዚያ ኦብጀክት የሚፈልገውን ፕሮፐርቲ በስም ይጠቅሳል። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫዎች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው፤ የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። ከዳታው ወደ ኮንትሮሉ ብቻ የሚፈስ «ዋን ዌይ»፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚፈስ «ቱ ዌይ»፣ አንዴ ብቻ አንብቦ የሚያቆም «ዋን ታይም»፣ እንዲሁም ከኮንትሮሉ ወደ ዳታው ብቻ የሚሄድ «ዋን ዌይ ቱ ሶርስ» አሉ። ካልገለጻችሁ እያንዳንዱ ኮንትሮል የራሱን ነባሪ ይወስዳል፤ የቴክስት ቦክስ (የጽሑፍ ሳጥን) ጽሑፍ ነባሪው ቱ ዌይ ሲሆን ጽሑፍ ማሳያ ብቻ የሆነው የቴክስት ብሎክ ግን ዋን ዌይ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ተጠቃሚው የጻፈው ወደ ዳታው የሚተላለፈው መቼ ነው? ለአብዛኞቹ ኮንትሮሎች ወዲያውኑ ነው፤ ለቴክስት ቦክስ ግን ነባሪው ትኩረቱ (የኪቦርድ ምት የሚቀበል መሆኑ) ከሳጥኑ ሲለቅ ነው። በዚህ ምክንያት ተጠቃሚው ብዛቱን ጽፎ፣ ከሳጥኑ ሳይወጣ፣ በኪቦርድ አቋራጭ ወይም በሜኑ በኩል «አስቀምጥ» ቢል የሚቀመጠው አሮጌው ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሜኑና ቱልባር የራሳቸው የትኩረት ክልል ስላላቸው ሳጥኑ ትኩረቱን እንደለቀቀ አይቆጠርም። መፍትሔው ከማስቀመጥ በፊት ትኩረት ላይ ያለውን ሳጥን ባይንዲንግ «አፕዴት ሶርስ» በሚለው ጥሪ ማስገደድ ነው።

«ታዲያ ሁሉንም በእያንዳንዱ የፊደል ምት እንዲያስተላልፍ ብናደርገውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለፍለጋ ሳጥን ጥሩ ነው። ለአስርዮሽ ቁጥር ግን ከዶት ኔት 4.5 ጀምሮ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ተጠቃሚው «2» ጽፎ ነጥብ ሲያስከትል፣ የተጻፈው ወደ ቁጥር ተቀይሮ 2 ይሆንና ሳጥኑ ከዳታው ጋር ለመስማማት ነጥቡን ያጠፋበታል። ለቁጥሮች የትኩረት መልቀቅን ነባሪ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ለፍለጋ ደግሞ በዚያው በ4.5 የመጣውን «ዲሌይ» የተባለ ቅንብር 300 ወይም 500 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጋችሁ፣ ተጠቃሚው መጻፉን ገታ እስኪያደርግ መጠበቅ ትችላላችሁ።

5ኛ ደረጃ፦ ዝርዝሮችን መያዝ

ዝርዝር ሦስት ዓይነት ለውጥ አለው፤ ሦስቱም የተለያየ ማሳወቂያ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ አባል ሊጨመር ወይም ሊወጣ ይችላል። ተራ «ሊስት» ይህን አያሳውቅም፤ «ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን» ግን ያሳውቃል። ሁለተኛ፣ የአንዱ አባል ውስጣዊ ዋጋ ሊቀየር ይችላል። ይህን ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን አያሳውቅም፤ አባሉ ራሱ የ2ኛውን ደረጃ ሥራ መሥራት አለበት። ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ በሙሉ በሌላ ዝርዝር ሊተካ ይችላል፤ ይህን የሚያሳውቀው ዝርዝሩን የያዘው ፕሮፐርቲ ነው። «ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን ተጠቅሜ እንኳ አልታደሰም» ብሎ የሚያማርር ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከሦስቱ የትኛው ለውጥ እንደደረሰ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ጠቅላላ ድምሩ እንመለስ። ጠቅላላ ድምር በሁሉም መስመሮች ድምር ላይ ስለሚመሠረት፣ ትእዛዙ መስመር በተጨመረ ቁጥር የዚያን መስመር ኢቨንት ማዳመጥ መጀመር፣ መስመሩ ሲወጣም ማዳመጡን ማቆም አለበት። ለዚህ የዝርዝሩን «ኮሌክሽን ቼንጅድ» ኢቨንት ይዘን፣ በመልእክቱ ውስጥ ለአዲሶቹ አባላት እንመዘገባለን፣ ከወጡት ላይ እንሰረዛለን። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ዝርዝሩ «ክሊር» በሚለው ትእዛዝ ባንዴ ባዶ ሲደረግ የሚመጣው መልእክት «ሪሴት» ብቻ ነው፣ የወጡትን አባላት ዝርዝር አይዝም። ስለዚህ ምዝገባቸው ሳይሰረዝ ይቀራል፤ የተጣሉት መስመሮች በሌላ ቦታ ከተቀየሩ ድምሩን መነካካታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ራሴ ይህን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ኦብዘርቨብል ኮሌክሽንን ወርሼ «ክሊር አይተምስ» የተባለውን ሜተድ በመተካት፣ አባላቱ ከመውጣታቸው በፊት ምዝገባቸው እንዲሰረዝ አደረግሁ።

ከሰርቨር አዲስ ዝርዝር ሲመጣ ነባሩን አጥፍቶ እንደገና መሙላትም ቀላል ይመስላል። ዳታው ትክክል ይሆናል፤ ተጠቃሚው የመረጠው ረድፍ ግን ይጠፋል፣ ያነብ የነበረበትም ቦታ ሊጠፋበት ይችላል። በየ10 ሰከንዱ የሚታደስ ሰንጠረዥ እንዲህ ቢያደርግ መጠቀም የሚቻል አይሆንም። የተሻለው መንገድ አዲሱንና ነባሩን በመለያ ቁጥር ማነጻጸር ነው፤ በሁለቱም ያሉትን ዋጋቸውን ብቻ ማደስ፣ አዲስ የሆኑትን መጨመር፣ የሌሉትን ማስወጣት። መስኮቱ መጀመሪያ ሲከፈትና ገና ምንም ምርጫ በሌለበት ጊዜ ግን አሥር ሺህ ረድፎችን አንድ በአንድ ጨምሮ አሥር ሺህ ማሳወቂያ ከመላክ፣ ዝርዝሩን ለብቻው ሞልቶ በመጨረሻ ፕሮፐርቲውን አንዴ መተካት ይመረጣል።

6ኛ ደረጃ፦ ከሌላ ትሬድ የሚመጣ ለውጥ

የዴስክቶፕ ኮንትሮሎችን መንካት የሚችለው የፈጠራቸው ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) ብቻ ነው። ዳታው ግን ከኔትወርክ፣ ከሴንሰር ወይም ከከባድ ስሌት በሌላ ትሬድ ሊመጣ ይችላል። ደብሊው ፒ ኤፍ እዚህ ላይ ለነጠላ ፕሮፐርቲ ደግ ነው፤ «ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» ከሌላ ትሬድ ቢነሳ ባይንዲንጉ ራሱ ወደ መስኮቱ ትሬድ ያሻግረዋል። ለዝርዝር ግን እንዲህ አያደርግም፤ ከመስኮት ጋር የታሰረ ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን ላይ ከሌላ ትሬድ አባል ብትጨምሩ ፕሮግራሙ በኤክሴፕሽን (በስህተት) ይቆማል። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ነጠላ ዋጋዎቹ ስለሠሩ ዝርዝሩም የሚሠራ ይመስላልና።

መውጫው ሦስት ነው። ኮዱ ረጅም ሥራን መስኮቱን ሳያግዱ የሚያስጠብቁትን «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚጠቀም ከሆነና ጥሪው ከመስኮቱ ትሬድ ከተጀመረ፣ ከአዌይት በኋላ ያለው ክፍል በነባሪ ወደዚያው ትሬድ ስለሚመለስ ዝርዝሩን እዚያ መቀየር ይበቃል፤ ይህ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ሁለተኛው የመስኮቱን ትሬድ ሥራ በሚያደላድለው «ዲስፓቸር» በኩል ሥራውን ወደ መስኮቱ ትሬድ መላክ ሲሆን፣ የሚጠብቀውን «ኢንቮክ» ሳይሆን የማይጠብቀውን «ኢንቮክ አሲንክ» ተጠቀሙ፤ የመስኮቱ ትሬድ እናንተን እየጠበቀ ሳለ እናንተም እሱን ከጠበቃችሁ ሁለታችሁም ትቆማላችሁ። ሦስተኛው በዶት ኔት 4.5 የመጣው «ኢኔብል ኮሌክሽን ሲንክሮናይዜሽን» ነው፤ ከመስኮቱ ትሬድ ተጠርቶ የመቆለፊያ ኦብጀክት ይሰጠዋል፣ የእናንተም ኮድ ዝርዝሩን በነካ ቁጥር ያንኑ መቆለፊያ መያዝ አለበት።

ፍጥነትም ሌላ ጉዳይ ነው። በ60 ኸርዝ የሚሠራ ማያ ገጽ አንድ ምስል የሚቀይረው በ16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ በፍጥነት የሚለዋወጥ ቁጥር ማንበብ አይችልም። በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ የሚመጣ የሴንሰር ንባብን እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ መላክ መስኮቱን ከማፈን ውጪ ፋይዳ የለውም። የመጨረሻውን ንባብ ብቻ በአንድ ቦታ እየያዛችሁ፣ በየ100 ወይም 200 ሚሊሰከንዱ በሚነሳ ታይመር አሳዩት።

7ኛ ደረጃ፦ አዝራሮችም ዳታ ያሳያሉ

የ«አስቀምጥ» አዝራር መንቃቱና መደብዘዙ ራሱ የዳታው ሁኔታ መግለጫ ነው። አዝራሩ ሥራውን ከሚወክለው ኢንተርፌስ፣ ከ«አይ ኮማንድ»፣ ጋር ሲታሰር የሚያዳምጠው «ካን ኤክሴኪዩት ቼንጅድ» የተባለውን ኢቨንት ነው። ይህን ኢቨንት ከ«ኮማንድ ማናጀር» ጋር ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ኮማንድ ማናጀር ሁኔታውን የሚያጣራው ተጠቃሚው ኪቦርድ ሲነካ፣ ማውስ ሲጫን ወይም ትኩረት ሲቀየር ነው። ዳታው ከሰርቨር ደርሶ ተጠቃሚው ምንም ካልነካ አዝራሩ እንደደበዘዘ ይቆያል፤ ማውሱን ጫን ሲያደርገው ይነቃል። እንዲህ ያለ «ሲነኩት የሚነቃ» አዝራር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ኢቨንቱን ከዳታው ለውጥ ጋር በቀጥታ አስነሱት።

8ኛ ደረጃ፦ ተጠቃሚው እየጻፈ ሳለ አዲስ ዳታ ሲመጣ

እዚህ ላይ ቴክኒኩ ያበቃና ውሳኔ ይጀምራል። ተጠቃሚው ብዛቱን እያስተካከለ ሳለ ሰርቨሩ ለዚያው መስመር ሌላ ብዛት ቢልክ፣ ሁለቱን አስማምቶ ማቆየት ማለት የተጠቃሚውን ጽሑፍ ከጣቱ ሥር መንጠቅ ሊሆን ነው። ስለዚህ በማስተካከል ላይ ያለ መዝገብ ከቀጥታ ዳታው መለየት አለበት። ማስተካከል ሲጀመር ቅጂ ይወሰዳል፣ ሲጸድቅ ወደ ዋናው ይገለበጣል፣ ሲሰረዝ ይጣላል፤ «አይ ኤዲተብል ኦብጀክት» የተባለው ኢንተርፌስ ይህንኑ በመጀመር፣ በመጨረስና በመሰረዝ ሦስት ሜተዶች ይገልጸዋል፣ የሠንጠረዥ ኮንትሮሉ ዳታ ግሪድም ይጠራቸዋል። በመሀል የመጣው የሰርቨር ዋጋ ከሳጥኑ አጠገብ «ይህ ዋጋ በሌላ ሰው ተቀይሯል» በሚል ምልክት ይታይ፤ የቱ እንደሚጸና ተጠቃሚው ይወስን።

በሌሎች መሣሪያዎች ለምትሠሩ

ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ የኦብዘርቨብል ኮሌክሽንን ቦታ «ባይንዲንግ ሊስት» ይይዛል፤ አባሎቹ ለውጣቸውን የሚያሳውቁ ከሆኑ የአባልን ውስጣዊ ለውጥም ጭምር ያስተላልፋል። የትሬድ ማሻገሩን ግን በ«ቢጊን ኢንቮክ» ራሳችሁ ታደርጉታላችሁ። ጃቫ ስዊንግ ለዚሁ ሥራ «ኢንቮክ ሌተር»፣ ጃቫ ኤፍ ኤክስ ደግሞ «ፕላትፎርም ራን ሌተር» አላቸው። በኪዩት፣ የሠንጠረዥ ሞዴል የምትጽፉ ከሆነ ረድፍ ከመጨመራችሁ በፊት «ቢጊን ኢንሰርት ሮውስ»፣ ከጨመራችሁ በኋላ «ኤንድ ኢንሰርት ሮውስ» መጥራት ግዴታ ነው፤ ዳታውን ቀይሮ በኋላ ማሳወቅ የሠንጠረዡን ምርጫና የረድፍ አቆጣጠር ያዛባል።

9ኛ ደረጃ፦ የማይለቁ ማሰሪያዎችን መፍታት

ኢቨንት የሚያዳምጥ ኦብጀክት፣ ኢቨንቱን የሚያስነሳው በሕይወት እስካለ ድረስ ከሚሞሪ አይወጣም። ፕሮግራሙ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የሚኖር የዳታ አገልግሎት ኖሮ እያንዳንዱ የሚከፈት መስኮት ቢመዘገብበት፣ የተዘጉት መስኮቶች በሙሉ በሚሞሪ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ከዚያም አልፎ እያንዳንዱ ማሳወቂያ ለማይታዩ መስኮቶች ጭምር ይሠራል። መስኮቱ ሲዘጋ ምዝገባውን ሰርዙ፤ ወይም «ዊክ ኢቨንት ማናጀር»ን ተጠቀሙ። የደብሊው ፒ ኤፍ ባይንዲንግ በራሱ ለሚያሳውቅ ክላስ ደካማ ማሰሪያ (ኦብጀክቱን በሚሞሪ ውስጥ የማያስቀር) ስለሚጠቀም ችግር የለውም። ጉዳዩ የሚመጣው ለውጡን ከማያሳውቅ ተራ ክላስ ጋር ዋን ታይም ባልሆነ ባይንዲንግ ስታስሩት ነው፤ ያኔ ጠንካራ ማሰሪያ ተፈጥሮ ኦብጀክቱ ከሚሞሪ ሳይወጣ ይቀራል።

10ኛ ደረጃ፦ ስህተት መፈለግ

ባይንዲንግ ሲሳሳት ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው መመልከቻ የቪዥዋል ስቱዲዮ አውትፑት መስኮት ነው፤ በባይንዲንጉ የተጠቀሰው ስም በኦብጀክቱ ላይ ከሌለ ቁጥር 40 የሆነ የዳታ ስህተት መልእክት ስሙንና የኦብጀክቱን ዓይነት ይዞ ይወጣል። መልእክት ከሌለና ዋጋው ግን ካልታደሰ፣ በዚያ ባይንዲንግ ላይ «ትሬስ ሌቭል» የተባለውን ቅንብር «ሃይ» ላይ አድርጉ፤ እያንዳንዱን የዋጋ ዝውውር ይዘግባል። ቁጥርና ቀን በትክክለኛው የአጻጻፍ ሥርዓት ካልታዩ ደግሞ የ«ላንጉዌጅ» ፕሮፐርቲን ተመልከቱ፤ የኮምፒውተሩ ቅንብር ምንም ይሁን ምን፣ ካልተቀየረ በስተቀር ነባሪው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው።

ከሁሉም በላይ ያለ መስኮት የሚሠራ ፈተና ጻፉ። የትእዛዝ ኦብጀክት ፍጠሩ፣ በ«ፕሮፐርቲ ቼንጅድ» ላይ ተመዝግባችሁ የመጡትን ስሞች በዝርዝር ያዙ፣ የአንዱን መስመር ብዛት ከ3 ወደ 5 ቀይሩ። ከዚያም ከመስመሩ የብዛትና የመስመር ድምር፣ ከትእዛዙም የጠቅላላ ድምር ስም መምጣታቸውን፣ ያንኑ 5 እንደገና ስታስገቡ ደግሞ ምንም አለመምጣቱን አረጋግጡ።